የሆደ ሰፊው ፋይል

ረቡዕ ጠዋት ጥጋቡ ይማም ጥርሱን እየፋቀ ሳለ ከወረዳው የሆድ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መልእክት ደረሰው። «ክቡር ዜጋ፣ የሆድዎ ምድብ ተሻሽሏል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ጎንበስ ብሎ ሆዱን አየው። ትናንት ይዞት የተኛው ሆድ ነው። መታወቂያውን አወጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ሆድ፦ ካዕብ» ሲል የኖረው መስመር አሁን «ሆድ፦ ሰፊ» ይላል።

በዚያ መስመር ላይ በአያቶቹ ዘመን ሌላ ነገር ይጻፍ ነበር ይባላል። ሰውን እርስ በርስ ስላባላ ተፋቀ። የመንግሥት ቅጽ ግን ባዶ መስመር አይወድም፤ ዘር መጠየቅ ነውር በሆነ በሦስተኛው ዓመት ዘረ-መል መጠየቅ ግዴታ ሆነ። ለጤና ነው ተባለ፤ እውነትም ለጤና ነበር። አንዱ ወተት ጠጥቶ ይወዛል፣ ሌላው በዚያው ወተት ሆዱ ሲጮህ ያድራል። ነገሩ ከእናት ካባት የሚወረስ ስለሆነ ማንም ማንንም አይወቅስም። ሕፃን ሲወለድ ከተረከዙ አንዲት ጠብታ ደም ይወሰድና ከሰባት ምድብ በአንዱ ይገባል። ስም አውጪው ኮሚቴ ስድስት ወር ተከራክሮ፣ ማንንም ላለማስቀየም ሲል ስሞቹን ከፊደል ገበታ ተዋሰ። ወተት የሚፈጨው ግዕዝ፣ የማይፈጨው ካዕብ፣ ባቄላና ሽሮ የሚነፋው ራብዕ፣ ስንዴ የማይስማማው ሳድስ ተባለ፤ የቀሩትን ባለቤቶቻቸው ያውቋቸዋል። ከሁለት ምድብ ተወልዶ ለመለየት ያስቸገረ «ዲቃላ ፊደል» ይባላል። ይህ ስድብ አይደለም፤ ሰዋስው ነው።

ማንንም ላለማስቀየም የተመረጠ ስም ስለነበር ዓመት ሳይሞላው ግዕዞች «እኛ እኮ የመጀመሪያዎቹ ነን» ማለት ጀመሩ።

ጥጋቡ ተጉመጠመጠና ወጣ። ታክሲ ላይ ረዳቱ እንደ ወትሮው «ራብዕ ወደ መስኮት! ራብዕ ወደ መስኮት!» እያለ ያስገባል። ጥጋቡ የሚሠራበት ጠርሙስ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛው «ደህና አደርክ? ደህና ፈጨህ?» አለው። «ይመስገን» አለ። ለቁርስ ወደ ምግብ ቤቱ ሄደ። ምግብ ቤቱ ሰባት በር አለው። ጥጋቡ አብሮት ከሚሠራው ከወዳጁ ከሙሄ ጋር አሥራ አንድ ዓመት አንድ ምድጃ ፊት ቆሟል፤ ሙሄ ሲያኝክ ግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም፤ ሙሄ በስድስተኛው በር ነው የሚገባው። ጥጋቡ መዳፉን በሁለተኛው በር ላይ አደረገ።

«ሰፊ በዚህ በር አይገባም» አለ በሩ።

ሰባቱንም ሞከረ። ሰባቱም እኩል ትሕትና ባለው ድምፅ መለሱት።

ስልኩ የጠራው ያን ጊዜ ነው። ስንዱ ነች፤ የፊታችን እሁድ የሚያገባት የጂኦግራፊ መምህርት።

«ጥጌ፣ የሁለት ማዕድ ፈቃዳችን ታግዷል የሚል መጣልኝ። ምን አደረግህ?»

«ምንም። ጥርሴን እየፋቅኩ ነበር።»

«ሆዱ ሰፊ ነው ይላል እኮ! መቼ ሰፋ?»

«ተኝቼ ይሆናላ።»

«አትቀልድ! ፈቃዱ እስከ ዓርብ ካልተመለሰ እሁድ ሠርግ የለም። እማዬ ከሰማች ደግሞ ለዘላለም የለም። ካዕብን ራሱ በስንት ልመና ነው የተቀበለችው።»

እውነቷን ነው። የስንዱ እናት ወ/ሮ ላቀች ግዕዝ ናቸው፤ ግዕዝነታቸውንም እንደ ነጠላ ደርበው ነው የሚሄዱት። ድሮ ሽማግሌ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ሙሽሮቹ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ ነበር። አሁን የሚቆጠረው ከሰባቱ አያት ማን ወተት ጠጥቶ በሰላም እንደተኛ፣ ማን ሆዱን ይዞ ወደ ጓሮ እንደሮጠ ነው። የወ/ሮ ላቀች ሰባቱም በሰላም የተኙ ናቸው። ጥጋቡ ሽማግሌ የላከ ቀን «በእኛ ቤት ወንድ ልጅ ወተት ጠጥቶ ነው ሱሪ የሚታጠቅ» ብለው ነበር። ኋላ «ይሁን፤ በሁለት ትሪ ይኑሩ» አሉ፤ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የተለያየ ምድብ ያላቸው ባልና ሚስት በሁለት ትሪ ይበላሉ፤ ከትሪ ወደ ትሪ መጎራረስ ክልክል ነው፤ በሠርግ ቀን ሙሽሮቹ ፊት ለፊት ይቀመጡና እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ያጎርሳሉ።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መስኮት አራት ላይ ወ/ሪት ትርንጎ ተቀምጣለች። ጥጋቡን ቀና ብላ ሳታይ ጠየቀችው።

«ስም?»

«ጥጋቡ ይማም።»

«ጥጋቡ፤ ሆድ ሰፊ።» አሁን ቀና አለች። «ይሄዳል እኮ።»

«እኅቴ፣ ስሕተት ነው።»

«እዚህ ስሕተት የለም፤ ያልተሟላ መረጃ ነው ያለው።» ፋይሉን አዞረችለት። ለጋብቻ ፈቃድ የእድር የምስክርነት ደብዳቤ ይያያዛል። የእድራቸው ዳኛ ጋሽ ይመር በገዛ እጃቸው እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «አመልካቹ ጥጋቡ ይማም ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው፣ ሆደ ሰፊ፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው።»

«ይኸው!» አለ ጥጋቡ። «ሆደ ሰፊ ማለት እኮ ታጋሽ ማለት ነው!»

«ይገባኛል። እኔ የተማርኩት አማርኛ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪም አለኝ። ሲስተሙ ግን ሆድ የሚል ቃል ሲያይ ወደ ሆድ ፋይል ይወስደዋል።»

«ታዲያ አንቺ አታወጪውም?»

«የእኔ ሥራ ማስገባት ነው። ማውጣት የሲስተሙ ነው።»

«እንደ አንጀት» አለ ጥጋቡ።

ትርንጎ ልትስቅ ብላ ወደ ካሜራው ሰረቅ አድርጋ አየችና ተወችው። «እዚህ ጋ "ስፋት በካሬ ሜትር" የሚል ክፍት ቦታ አለ። በሰባት ቀን ካልተሞላ ወደ መሬት አስተዳደር ይመራዋል።»

«ሆዴን?»

«ካርታ ካለህ አምጣ። ከሌለህ ምስክሩ ራሱ የማብራሪያ ደብዳቤ ይጻፍልህ። አጭር ይሁን።»

የጥጋቡ አባት በሕይወት ሳሉ እንዲህ ባለ መስኮት ፊት ሲቆሙ «ሲስተም የለም» ይባሉ እንደነበር ይተርኩ ነበር። ያኔ ሰው ተራግሞ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ንዴቱ በርዶለት ይመለሳል። አሁን ሲስተም ሁልጊዜ አለ። ያቺ የሻይ ሰዓት ቀረች።

ጋሽ ይመር ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የእድሩን ደብዳቤ ሁሉ አርባ ዓመት የጻፉ፣ ያለ ተረትና ምሳሌ ደብዳቤ ፈርመው የማያውቁ ሰው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰፊ ያልኩህ እኮ ላመሰግንህ ነው!»

«አውቃለሁ ጋሽ ይመር።»

«ታዲያ ጠባብ ልበልህ? እሱማ ይብሳል! በእኛ ጊዜ ጠባብ የተባለ ሰው ከሥራ ይባረር ነበር።»

«ኧረ ምንም አይበሉ። "ታጋሽ ነው" ብለው ብቻ ይጻፉልኝ።»

«ታጋሽ።» ቃሉን ጨው እንዳልገባበት ወጥ በምላሳቸው አገላበጡት። «ታጋሽ እኮ ለአህያም ይባላል። አብሽር ልጄ! ለአንተማ አንጀት የሚያርስ ደብዳቤ ነው የምጽፍልህ።»

አንጀት የሚለውን ሲሰማ ጥጋቡ ደንገጥ አለ። ይሁን እንጂ ሽማግሌ አይቋረጥም፤ ደግሞም የተጻፈበት እውነት ነው፤ ሆደ ሰፊ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ትርንጎ ደብዳቤውን ስታነብ ወንበሯን በቀስታ ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

«ምን ይላል?» አለ ጥጋቡ።

«"ሆደ ሰፊ ማለቴ ታጋሽ ማለቴ ነው" ይላል። እስከዚህ ጥሩ ነበር። "እንዲያውም ልጁ ሆደ ቡቡ ነው። አባቱን በቀበርን ዕለት ያየው ሁሉ ይመሰክራል፤ አንጀት ይበላል።"»

«ወይ ጋሽ ይመር!»

«ገብቷል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲስተሙ "አንጀት በላ" ብሎ መዝግቦሃል። የሰው ወይስ የከብት ይላል። ቦታ፦ ቀብር። አስከሬን ነበር ወይ ይላል።»

«ቀብር ላይ አስከሬን እንዴት አይኖርም?»

«አትመልስ! አትመልስ፣ ይገባል!» ወረቀቱን በእጇ ሸፈነችው። «ነገ አራት ሰዓት አንጀት ቦርድ ፊት ትቀርባለህ። ምስክርህንም ይዘህ ና። ግን በናትህ ሰውዬው ብዕር እንዳይዙ።»

ዓርብ አራት ሰዓት የቦርዱ አዳራሽ ሞላ። ነገሩ ከተማው ውስጥ ተወርቷል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወሬ የምትፈጭበት በር አንድ ብቻ ነው። ወ/ሮ ላቀች መጨረሻ ረድፍ ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ስንዱ አጠገባቸው ናት፤ የማታውቀው ሰው እንዳይመስልባት ወደ ጥጋቡ እያየች፣ የምታውቀው እንዳይመስልባት ወደ እናቷ እያየች አንገቷ ዛለ።

የቦርዱ ሰብሳቢ ዶ/ር ምስጋናው ፋይሉን ገለጡ። «ተመርማሪ፦ ሆደ ሰፊ፣ ቡቡ፣ አንጀት በላ።»

ስንዱ አላስቻላትም። «ዶክተር፣ አንዲት ጠብታ ደም ውሰዱና እዩት እንጂ! ያው ካዕብ ነው፤ ሲወለድም ካዕብ ነበር፣ ሲሞትም ካዕብ ነው!»

«ደሙ በልደቱ ቀን ተወስዷል። ሁለተኛ መውሰድ የመጀመሪያውን መጠራጠር ይሆናል።»

ጋሽ ይመር ተነሡ። «ክቡራን፣ ይህ ሁሉ የመጣው በእኔ ምላስ ነው። ምላሴን ይቁረጠው...»

«ጋሽዬ!» አለች ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ የምታስገባው ትርንጎ። «"ይቁረጠው" አይበሉ! ማን እንደሚቆርጠው ይጠይቃል!»

ጋሽ ይመር በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ተቀመጡ። በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ቃል ሲፈሩ የመጀመሪያቸው ነው።

«ተመርማሪ፣ የመጨረሻ ቃል» አሉ ሰብሳቢው። «በሆድህ ያለውን ተናገር።»

ጥጋቡ ተነሣ። በሆዱ ያለው ብዙ ነበር። ሙሄ እንዴት እንደሚያኝክ ማወቅ ይፈልጋል። ራብዕ የነበሩት አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በታክሲ መስኮት በኩል ተጎልተው፣ አጠገባቸው ሰው ሳይቀመጥ አርፈዋል። ይቺን ከተማ ደግሞ ያውቃታል። ለእስላሙና ለክርስቲያኑ ሁለት ድንኳን ጥላ፣ ሁለት በሬ አርዳ፣ ወጡን ሳትቀላቅል ሳቁን ቀላቅላ ስትበላ የኖረች ከተማ ናት፤ ሰባት ማድረጉን ከመመሪያ ነው የተማረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወዶ የከረመውን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አላጎረሰም። ይህን ሁሉ ለመናገር ትንፋሽ ሰበሰበ።

ከዚያ ትርንጎን አየ፤ ጣቶቿ በሲስተሙ የጽሕፈት ሰሌዳ ላይ ተዘጋጅተዋል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አዲስ ቅጽ ይከፍታል፤ እያንዳንዱ ቅጽ ሰባት ቀን። ስንዱን አየ። የቦርሳዋን ማንገቻ በጥፍሯ እየበጣች ነው። እሁድ ከነገ ወዲያ ነው።

የሰበሰበውን ትንፋሽ ዋጠው።

«ተዉት ዶክተር» አለ። «ሆድ ይፍጀው።»

ትርንጎ ጣቶቿ ለአፍታ ቆሙ። ጥጋቡን አየችው፣ ሰሌዳውን አየችው፣ ከዚያ ቃል በቃል አስገባችው።

ሲስተሙ ዝም አለ። ዝም ሲል ሰው አይቶት አያውቅም። ከዚያ ወረቀት ወጣ። ሰብሳቢው አንብበው ለግራው አባል ሰጡት፤ የግራው ለቀኙ ሰጠው፤ የቀኙ መልሶ ለሰብሳቢው።

«"ሆድ፦ ይፈጃል። የሚፈጀው፦ ሁሉን። ገደብ፦ አልተጠቀሰም። ምድብ፦ ሁሉን ፈጅ። በር፦ ሁሉም።"»

«እንዲህ ያለ ምድብ አለ እንዴ?» አለ የቀኙ።

«ሲስተሙ ካለ አለ።»

«የአንጀቱስ ጉዳይ?»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «በሁሉ ውስጥ ይካተታል» ብለው ፋይሉን ዘጉ። ፈቃዱም እዚያው ጸና።

በር ላይ ወ/ሮ ላቀች ጠበቁት። ፊታቸው ተለውጧል።

«ሁሉን ፈጅ ማለት... ወተትም?»

«ወረቀቱ እንደዚያ ይላል እትዬ።»

«በል እንግዲህ፣ እሁድ ከእጄ ትጠጣለህ። ከሰባት ቤት በወረደው ዋንጫ።» ጉንጩን ሳሙት። እስከዚያ ቀን ከሩቅ እጅ ነሥተውት እንጂ ስመውት አያውቁም።

ስንዱ እናቷ እስኪርቁ ጠበቀች። «ዘጠኝ ዓመትህ ላይ አንድ ኩባያ ጠጥተህ የሆንከውን ነግረኸኝ የለም?»

«ነግሬሻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሆዴ እኮ ወረቀቱን አላነበበም፤ እሱ ነው ችግሩ።»

እሁድ በወ/ሮ ላቀች ግቢ ሰባት ትሪ ተደረደረ። መመሪያው ቅይጥ ሠርግ ያለ ታዛቢ አይፈቅድምና ወ/ሪት ትርንጎ ሰሌዳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ድንኳኑ መሐል ተቀምጣለች። ሰሌዳው ክፍት ነው፤ የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል።

ወ/ሮ ላቀች የቀንድ ዋንጫውን እስከ አፉ የሞላ ትኩስ ወተት ይዘው መጡ። ለሴት ልጃቸው ባል ይህን ዋንጫ የሚያቀብሉበትን ቀን ሲጠብቁ ኖረው፣ ተስፋ ከቆረጡም ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

«አስመስለህ አፍስሰው» አለች ስንዱ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ታች ቄጤማ አለ።»

«እናትሽ እያዩ ነው።»

«ትሞታለህ!»

«አልሞትም። እሮጣለሁ።»

ዋንጫውን ተቀበለና እስከ መጨረሻው ጠጣው። እልልታው ድንኳኑን አነሣው። ወ/ሮ ላቀች ባዶውን ዋንጫ ከፍ አድርገው ለዘመድ ሁሉ አሳዩ። ምግቡ ቀረበ፣ ተበላ። በመጨረሻ ጋሽ ይመር ለምርቃት ቆሙ። ከዓርብ ወዲህ ቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ በጥንቃቄ።

«አሜን!»

«ክፉ አይንካችሁ።»

«አሜን!»

ቀጣዩን ቃል ሲፈልጉ ድንኳኑ ጸጥ አለ። በዚያች ጸጥታ ውስጥ፣ ከረቡዕ ጀምሮ ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሲጽፍና ሲያነብ የሰነበተው ሆድ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ቃል ሰጠ። ጭነት የበዛበት መኪና የሐረጎን ዳገት ሲጀምር እንዲያ ነው የሚያጓራው። ጋብ አለ። ማርሽ ቀይሮ ደገመ።

አንድም ሰው «አሜን» አላለም።

ወ/ሮ ላቀች ወደ ሙሽራው ቀረቡ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ጥጋቡ።»

«አቤት እትዬ።»

«አንተ ካዕብ ነህ።»

ጥጋቡ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። አላወጣውም። «ነኝ እትዬ።»

«እንዲህ እንደሚያደርግህ ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጠጣኸው?»

«እርስዎ ነዎት የሰጡኝ» አለ። «እንዴት ብዬ አልጠጣም?»

ወ/ሮ ላቀች የሰባት ቤቱን ዋንጫ ዞር አድርገው አዩት። ውስጡ ጠብታ አልቀረም። ከዚያ ዋንጫውን ቄጤማው ላይ ጥለው፣ የልጁን ላብ ችፍ ያለበትን ግንባር በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ጮኹ።

«ወይ የኔ ልጅ! አንጀቴን በላኸው እኮ!»

ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ አንድ ላይ ወደ ትርንጎ ዞረ። ጭኗ ላይ ያለው ሰሌዳ ቀይ እያበራ ነበር። «"አንጀት በላ" የሚል ቃል ተሰምቷል። ተበዪዋ ራሷ መስክራለች። ይመዝገብ?»

ትርንጎ ሰሌዳውን አየችው። ከዚያ በፊቱ ደፍታ ቄጤማው ላይ አስቀመጠችው፤ በላዩም የበላችበትን ትሪ ጫነችበት።

«ዛሬ ሲስተም የለም» አለች። «ሙሽራውን ወደ ጓሮ አድርሱት።»